ለሰው ዓይን የተሞላ ምርጫ

በሠፈራችን ኢንጂነር ሻዝሊ የሚባለው እኔ ነኝ። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፖርት ሰዒድ ውስጥ ግን ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ኢንጂነር ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ኮምፒውተርና ሁለት ፎቶ ኮፒ ማሽን ስላለኝ ማዕረጉ ቢያንሰኝ እንጂ አይበዛብኝም። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ውጤት በወጣ ሰሞን ሱቄ የሠርግ ቤት ይመስላል። አባት፣ እናት፣ አክስት፣ አንዳንዴም የሕንጻው ዘበኛ ጭምር ተማሪውን አጅበው ይመጡና የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ያስሞላሉ። ሰባ አምስት ምርጫ በተርታ ይሞላል። እኔ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይጨቃጨቃሉ፣ ተማሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ጫማውን ያያል። ሃያ ዓመት ያህል አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም እያልኩ ስፎክር ኖሬ፣ ስህተቴን ለገዛ እህቴ ልጅ አስቀምጬው ኖሯል።

ራዋን የእህቴ የኢብቲሳም ልጅ ናት። አባቷ መትዋሊ የስዊዝን ቦይ ለሚያቋርጡ መርከቦች ገመድ ያስራል። መርከቡ ወደ ቦዩ ሲገባ የእነ መትዋሊን ትንሽ ጀልባ በክሬን አንስቶ ይጭናታል፤ እነሱም እዚያው ላይ ሆነው እስከ ስዊዝ ይሄዳሉ። መርከቡ መንገድ ላይ መቆም ካለበት ጀልባዋን አውርደው ገመዱን ዳር ላይ ያስራሉ፤ ከሌለበት ደግሞ ሻይ ይጠጣሉ። መትዋሊ ግን ሻይ ብቻ አይጠጣም፤ ይጽፋል። በሰማያዊ ደብተር ላይ አምስት መስመር ከላይ እስከ ታች አስምሮ፣ ስም፣ ባንዲራ፣ ከየት፣ ወዴት፣ ጭነት እያለ የወጣበትን መርከብ ሁሉ ይመዘግባል። አንዳንዴ ከግርጌው ያየውን ነገር አንድ ሁለት ቃል ይጨምርበታል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አንብቦለት አያውቅም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አደረገ። የሞላው ደብተር ወደ ብስኩት ቆርቆሮ ይገባል፣ ቆርቆሮው አልጋ ሥር ይገባል፣ እህቴም ቤት በጠረገች ቁጥር በመጥረጊያው እየመታችው ታማርራለች።

ማንም አንብቦለት አያውቅም አልኩ እንጂ አንድ ሰው ነበር። ራዋን ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ምሳ ልንበላ ተቀምጠን ሳለ ደብተሩን ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ ይቺ መርከብ የግሪክ ሰው ንብረት ናት ብለህ ጽፈሃል። ሠራተኞቹ ፊሊፒኖች ናቸው ብለሃል። ባንዲራዋ ለምን የፓናማ ሆነ?"

"ተከራይተውት ነው።"

"ባንዲራ ይከራያል እንዴ?"

"ሁሉም ነገር ይከራያል። ብዪ፣ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ።"

"ግሪኩ የራሱ የለውም?"

መትዋሊ እኔን አየኝ። እኔም ጣራውን አየሁ። ልጅቱ ዓሣዋን ሳትበላ ቀረች፤ በታሪክ ፍቅር የጠፋችውም ያን ቀን ነው እላለሁ። እኩዮቿ ስለ ዘፋኝና ስለ ጫማ ሲያወሩ፣ እሷ ሱቄ መጥታ አሮጌ ካርታ አትምልኝ ትለኛለች። ይህ ድንበር መቼ ተሰመረ፣ ይህን ቦይ ማን ቆፈረ፣ ማን ወሰደው፣ ማን አስመለሰው፤ ጥያቄዋ ማብቂያ የለውም።

እኔ ታሪክ አልወድም። ምክንያቴንም እነግራችኋለሁ። ቦዩ የጦር ግንባር በሆነበት ዘመን የዳርቻው ከተሞች ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ በየገጠሩ ሲበተን፣ እናቴን አንድ የዳር አገር መንደር ትምህርት ቤት ውስጥ አስጠጓት። እኔም እዚያው አምስተኛ "ለ" ክፍል ውስጥ ተወለድኩ። "ክፍል ውስጥ ተወልዶ ትምህርት ያልገባው ሻዝሊ ብቻ ነው" እያሉ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እንግዲህ ቤትህ ድረስ መጥቶ የሚያስወጣህን ነገር፣ ደግሞ ፈልገኸው ሄደህ አራት ዓመት ቁጭ ብሎ መማር ምን ይሉታል?

ራዋን ግን ፈተናዋን በጨረሰች ማግስት ከሱቄ ትልቁን ወረቀት ወስዳ የዩኒቨርሲቲ አራት ዓመቷን በሙሉ ነደፈችበት። ዋና ትምህርቷ ፖለቲካል ሳይንስ፣ ደጋፊው ታሪክ። ቦታው ካይሮ ሳይሆን በቦዩ በዚያኛው ጫፍ፣ ስዊዝ ነው፤ እዚያ ያለው ፋኩልቲ ሁለቱን አጣምሮ እንደሚያስተምር ከሁለት ተማሪዎች ጠይቃ አረጋግጣለች። አንደኛ ዓመት የመንግሥታት አመሠራረት፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ፤ ክረምቱን ፈረንሳይኛ፣ ምክንያቱም የቦዩ አሮጌ ወረቀቶች በፈረንሳይኛ ናቸው። ሁለተኛ ዓመት የዓረብ አገሮች ዘመናዊ ታሪክ። ሦስተኛ ዓመት የዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ ከጎኑ "የተፈናቃዮች ቃል" የሚል። አራተኛ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ "የግል መዛግብት" የሚል ታክሎበት፣ በቀይ የተሰመረበት። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው አጠገብ ለጠፈችው። ውኃ ልንጠጣ በሄድን ቁጥር እያነበብን እንመለስ ጀመር።

"ሁሉንም አስበሽዋል፣ ባል የሚገባበት ዓመት ብቻ ነው የጠፋው" አልኳት።

"እሱ በምርጫ የሚወሰድ ትምህርት ነው አጎቴ፤ ግዴታ አይደለም።"

መትዋሊ አልሳቀም። "ፖለቲካ" የሚለውን ቃል ቤቱ ውስጥ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ ብሎት አያውቅም። "ስሚኝ ልጄ፣ እዚህ አገር ፖለቲካ የሚያውቅ ሰው ዝም ይላል። ዝም ለማለት አራት ዓመት ትማሪያለሽ?"

"አንተ ዝም ብለህ ሠላሳ ዓመት ጽፈህ የለ።"

"እኔ የጻፍኩት የመርከብ ስም ነው" አለና ሻዩን አንስቶ ሰገነት ላይ ወጣ።

ውጤቱ መጣ። ከአራት መቶ ዐሥር፣ ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ። እንዲህ ዓይነት ውጤት በቤተሰባችን ታይቶ አያውቅም። እህቴ አለቀሰች፣ እኔም ትንሽ አለቀስኩ። ታዲያ ደስታው ግማሽ ቀን አልቆየም። በእኛ ዘንድ ነጥብ እንደ ዳቦ ነው፤ መሬት ላይ አይጣልም። በሦስት መቶ ሰማንያ አንድ ነጥብ፣ በሦስት መቶ ስልሳ ሁለት የሚገባበት ትምህርት ቤት መግባት ዐሥራ ዘጠኝ ነጥብ አውጥቶ እንደ መድፋት ነው። የስዊዙ ፋኩልቲ ደግሞ የአምናው መቁረጫ ነጥብ በትክክል ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት ነበር። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታችን ኡም ሸውቂ ይህን እንደሰማች እንደ ለቅሶ ደራሽ ፊቷን አጨፍግጋ መጣች።

"ያ ሁሉ ነጥብ ሊባክን? ኢብቲሳም፣ ልጅሽን የሰው ዓይን በልቷት እንዳይሆን።"

ከሄደች በኋላ መትዋሊ በግልጽ ተናገረ። ጋዜጠኝነት ይሁን፣ ካይሮ ይሁን። ሰው "የመትዋሊ ልጅ" ብሎ በቴሌቪዥን ያያታል። ዕድሜ ልኩን የሌላ ሰው መርከብ ሲያስር ኖሯልና አንድ ቀን በልጁ ስም ቀና ብሎ መሄድ ቢያምረው አልፈርድበትም።

እናም ሦስቱም ተያይዘው ሱቄ መጡ፤ መትዋሊ፣ ኢብቲሳምና ራዋን። ልክ እንደሌላው ቤተሰብ ሁሉ ኮምፒውተሩን ከበው ቆሙ። አባት "ጋዜጠኝነት አንደኛ" ይላል። ልጅ "ስዊዝ አንደኛ" ትላለች። እህቴ "አትጩኹ፣ ሰው ይሰማል" እያለች ከሁለቱም በላይ ትጮኻለች። እኔም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠርጌ መላ አመጣሁ። መላዬ አዲስ አይደለም፤ ግማሹ ሠፈር የሚያደርገው ነው። የመጀመሪያውን ምርጫ ለሰው ዓይን ትሞላለህ፣ ሁለተኛውን ለራስህ።

"የጋዜጠኝነት መቁረጫ አምና ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ስምንት ነጥብ ይጎድላታል፣ አይመጣም" አልኩ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ፕላስቲክ የለበሰ ሰንጠረዥ በጣቴ እየነካሁ። "አንደኛ ላይ እሱን እናስቀምጥ። አንተ ለሰው 'ጋዜጠኝነት ሞልታ ለጥቂት አመለጣት' ትላለህ። ሁለተኛ ላይ የሷን እናስቀምጣለን፣ እሱ ይመጣል። አንተ ክብርህን፣ እሷ ትምህርቷን።"

መትዋሊ አሰበና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ራዋን ግን አልተዋጠላትም።

"ከመጣስ አጎቴ?"

"ከመጣ ይህን ጢሜን እላጨዋለሁ።"

"የዘንድሮ ፈተና ከባድ ነበር እኮ። ሁሉም ዝቅ ያለ ነው ያመጣው። መቁረጫው ቢወርድስ?"

"ልጄ፣ መቁረጫ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ሃያ ዓመት አይቻለሁ።"

ጢሜን አየችው። ሃያ አምስት ዓመት ያሳደግኩት፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ጢም ነው፤ ማንም ቢሆን ያምነዋል። "እሺ" አለች። ጋዜጠኝነትን አንደኛ፣ የስዊዙን ሁለተኛ ሞልቼ ላክሁት። የይለፍ ቁጥሩን በፖስታ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። በዚያ ዓመት መቁረጫው ወረደ። ጋዜጠኝነት በሦስት መቶ ሰማንያ ነጥብ አምስት ዘጋ። ልጅቷ በግማሽ ነጥብ ገባች።

እህቴ ስልኩ ላይ "ካይሮ" የሚለውን ስታይ ቀሪውን ሳታነብ እልልታዋን አቀለጠችው። የደስታ መጠጥ የሆነው ቀይ ሸርባት በባልዲ ተበጥብጦ ከታች እስከ ላይ ለየቤቱ ታደለ። ኡም ሸውቂ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። መትዋሊ የበዓል ሸሚዙን ለብሶ ቡና ቤት ተቀመጠ፤ ያለፈ ያገደመው እጁን ይጨብጠዋል። ራዋን በሩ ላይ ቆማ ለመጣው ሁሉ "አመሰግናለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ" ስትል ዋለች። ስትስቅም አየኋት፤ በጥርሷ ብቻ ነበር። የመጨረሻዋ እንግዳ ስትወጣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ያለውን ወረቀት ቀስ ብላ፣ ጥግ ጥጉ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀች አነሳችውና ጠቀለለችው። ቀድዳ ብትጥለው ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሱቄ መጣች። ተቀመጠችና ፊቴን አየችው።

"አጎቴ፣ ጢምህ አለ።"

ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። "ላስተካክለው እችላለሁ" አልኩ።

እውነቴን ነበር። ከምደባ በኋላ፣ ከቤቱ ርቆ የተመደበ ተማሪ ወደ ራሱ አካባቢ የሚዛወርበት መንገድ አለ። መንግሥት የሰጠው ስም "ባይተዋርነትን መቀነሻ" ነው። ስዊዝ ከእኛ ጋር በአንድ አካባቢ ስለምትቆጠር፣ ነጥቧም ስለሚበቃ፣ ከካይሮ ጋዜጠኝነት ወደ ስዊዙ ፋኩልቲ መዞር ትችላለች። መስኮቱ ግን የሚዘጋው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያን ቀን እሑድ ነበር።

ራዋን ዕለቱኑ ለአባቷ ነገረችው። እኔም አብሬ ነበርኩ። መትዋሊ የበዓል ሸሚዙን ገና አላወለቀም።

"ሸርባቱን ጠጥተዋል" አለ።

"አባዬ፣ ሸርባት እኮ ነው።"

"ለሃያ አራት ቤት አጠጥቻለሁ። አሁን በየበሩ ዞሬ 'መልሱልኝ፣ ልጄ ተመልሳለች' ልበል? ካይሮ ፈርታ ቀረች ነው የሚሉት። ምደባው ተሳስቶ ነበር፣ ነጥቡም ውሸት ነበር ይላሉ። እነዚህን አታውቂያቸውም?"

"አውቃቸዋለሁ። አራት ዓመት የምማረው ግን እኔ ነኝ።"

"ምን ጎደለው ጋዜጠኝነት? ሰው ያለቅሳል ለእሱ!"

ራዋን አልተከራከረችም። "አስብበት አባዬ፣ እስከ ረቡዕ ጊዜ አለ" ብላ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ገባች። ሰኞም ማክሰኞም መትዋሊ ስለ ነገሩ ቃል አልተነፈሰም። ረቡዕ ማለዳ ተራው ደርሶ መርከብ ላይ ወጣ፤ መልስ ሳይሰጥ ሄደ።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ራዋን ሱቄ መጣች። ወረቀቷን በብብቷ ይዛለች። እኔም መሳቢያውን ከፍቼ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"የይለፍ ቁጥሩ ይኸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለአባትሽ ነገ እኔ እነግረዋለሁ። ይሰድበኝ፣ ለምጄዋለሁ።"

ፖስታውን ዓይኗ አልለቀቀውም። እጇ ግን አልተዘረጋም።

"አጎቴ፣ እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባነው ለሰው ስንዋሽ ነው። አሁን ደግሞ አባዬን ልንዋሸው? ተመርቄ ስመጣ ፊቱን እንዴት አያለሁ?"

"እሺ ካላለስ?"

"ካላለ ካይሮ እሄዳለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ።

ደወለች። ስልኩ አይሰራም። መርከቡ የቱ ጋ እንዳለ እናውቃለን፤ መሐል በረሃው ላይ፣ የስልክ መረብ እየመጣ በሚሄድበት ቦታ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ደወለች፣ ዝም። ሰባት ተኩል ላይ ጠርቶ ተቋረጠ። አንድ ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ መጣ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ መለስኩት። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ መትዋሊ አነሣ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ከጀርባው የሞተሩ ጉርምርምታ ይሰማል።

"ምን ሆናችሁ? እናትሽ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት አባዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። መልስህን ልስማ ብዬ ነው።"

መልሱን እስኪሰጥ አላስቻለኝም፣ ጎንበስ ብዬ ጮህኩበት። "መትዋሊ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አይመጣም ያልኩህ እኔ ነኝ። ማንም ቢጠይቅህ ሻዝሊ አበላሸው በል።"

"አንተን ማን ጠየቀህ? አንተ ክፍል ውስጥ ተወልደህ ትምህርት ያልገባህ ሰውዬ!" አለኝ። ከዚያ ድምፁ ለዘበ። "ራዋን፣ ወረቀቱን ይዘሽዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

"አንብቢልኝ እስቲ።"

ወረቀቱን ዘረጋችው። ጥቅሉ እንዳይመለስ በአንድ በኩል የወረቀት መብሻዬን፣ በሌላው በኩል የሻይ ብርጭቆዬን አኖርኩበት። ከአንደኛ ዓመት ጀምራ አነበበችለት። መትዋሊ በየመሐሉ "እ" ይላል፣ እንደ ጭነት ዝርዝር እየሰማ። አራተኛ ዓመት ላይ ደረሰች። "የመመረቂያ ጽሑፍ። የግል መዛግብት።"

"ይሄ ሁልጊዜ ሳየው የማይገባኝ ነው። የማን መዛግብት?"

"ያንተ ናቸው አባዬ።"

ራዋን ስልኩን ወደ ራሷ አስጠጋችው።

"በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት?" አለ።

"ሠላሳ አንዱም ደብተር። የጦር መርከቦቹ በተርታ ያለፉበት ክረምት አለ፣ 'ልጆች ናቸው፣ አንዱ ብርቱካን ወረወረልኝ' ብለህ ጽፈሃል። የስንዴ መርከቦቹ ያለቁበት ወር አለ። መንግሥታት የሚሉትን መጽሐፍ ውስጥ አገኘዋለሁ። ከገመዱ ጋር ቆሞ ያየ ሰው የጻፈውን ግን ካንተ በቀር የት አገኛለሁ?"

"ዘይት የነካቸው አሉ" አለ መትዋሊ።

"አውቃለሁ።"

"በአንዱ ደግሞ እናትሽ ዓሣ ጠቅልላበታለች። በመጨረሻው ገጽ።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አራተኛ ዓመት ላይ ተደረገ?"

"መጀመሪያ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ መማር አለብኝ።"

"የእኔን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ ሦስት ዓመት?" መትዋሊ ድምፁ መንቀጥቀጡን ሊደብቅ በቁጣ አስመስሎ ተናገረ። "እስከ አራተኛ ዓመት ማን ይኖራል? ወደ ሁለተኛ አምጪው። ሻዝሊ፣ ምን ትጠብቃለህ? ላከው እንጂ፣ ሰዓቱ አልሄደም?"

ስቸኩል ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሦስተኛ ብሳሳት ይቆለፍ ነበር። ራዋን ወንበሬን ገፋ አድርጋ ራሷ ጻፈችው፣ ራሷ ላከችው። ለዘጠኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀር "ጥያቄዎ ደርሶናል" የሚለው መጣ። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍታ፣ ወረቀቷ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደ ጎን አድርጋው።

ሐሙስ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ሦስት ጊዜ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ መንገድ ላይ አይታኝ አላወቀችኝም፤ ባዳ ወንድ መስዬያት ሻሿን አስተካከለች። ያን ቀን ማታ መትዋሊ ከስዊዝ ተመልሶ ቡና ቤቱ መሐል ቆመና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ልጄ በራሷ ፈቃድ ወደ ስዊዝ ዞራለች አለ። ኡም ሸውቂ ሰገነቷ ላይ ሆና "ያ ሁሉ ነጥብ!" ስትል፣ ቀና ብሎ "ነጥቡ የሷ ነው ኡም ሸውቂ፤ ካሻት ለዓሣ ትበትነው" አላት። ዝውውሩ ከዐሥር ቀን በኋላ ጸደቀ። ሸርባት ግን አልተበጠበጠም፤ እህቴ አንዴ ይበቃል አለች።

ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት ራዋን ስልኳን መቅጃ ላይ አድርጋ ሱቄ ገባች። "ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለው 'የተፈናቃዮች ቃል' አንተ ነህ" አለችኝ። እኔ የምናገረው የለኝም አልኩ። አምስተኛ "ለ" ብዬ ቀልዴን ጀመርኩላት። አልሳቀችም። "አያቴ ምን ላይ ተኝታ ነበር?" አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ሦስት ዴስክ አጋጥመው እንዳስተኟት፣ ጥቁር ሰሌዳውንም ነቅለው ነፋስ እንዳይገባ በመስኮቱ ላይ እንዳቆሙት፣ እናቴ የነገረችኝን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ታሪክ አሁንም አልወድም፤ ሆዴ ግን ቀለል አለኝ።

የሄደችው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ዓርብ ትምህርት ስለሌለ በየሳምንቱ ልትመጣ ቃል ገብታለች። ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያው ውስጥ ቆመናል። እህቴ ሻንጣው ውስጥ ያልከተተችው ነገር ቢኖር ማቀዝቀዣውን ብቻ ነው። መትዋሊ ትንሽ ራቅ ብሎ ደብተሩን የሚኒባሱ አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። ሰው በልጁ መሄጃ ቀን ሥራውን ይጽፋል እንዴ ብዬ ልቆጣው ተጠጋሁና በትከሻው ላይ አየሁት።

ስም፣ ራዋን መትዋሊ። ባንዲራ፣ የራሷ። ከየት፣ ፖርት ሰዒድ። ወዴት፣ ስዊዝ። ጭነት፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ጥቅል ወረቀት፣ ስድስት ደብተር።

ደብተሮቹ የእሱ ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ከቆርቆሮው አውጥቶ ሰጥቷታል። ጽፎ ሲጨርስ አልዘጋውም። የራዋንን ትኬት እንደ ማስመሪያ ይዞ፣ ከአምስቱ መስመር ቀጥሎ ስድስተኛ አሰመረ። እንዲህ ያለ መስመር በደብተሩ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ መርከቦቹ አልፈው ይሄዳሉና ቦታ አላስፈለጋቸውም። ከላይ "መመለሻ" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ "ሐሙስ" አለ።